በርኅራኄ ስንተኛ ወጣች?

ሐሙስ፣ ጥር 25 ቀን
ተማሪዎች ወጥተው ቢሮው ጸጥ ሲል

ውድ ባለቤቴ፣ የሩቁ ሰውዬ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? የወደቡ ክሬን ወንበር አሁንም ያምህ ይሆን ወይስ ትራስ አደረግክበት? እኛ ጤነኞች ነን። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል፣ ድመቷ ወልዳለች፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር አሁንም ካልተረገጠ አይዘጋም። ከዚህ በላይ ያለው ወሬ ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ አይደለም፤ ሻይህን ይዘህ ተመቻችተህ ተቀመጥ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትል። በደወልክ ቁጥር ልጅህ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ትሮጣለች። ተመልሶ እኔ ጋ ሲደርስ ወይ መስመሩ ይቋረጣል፣ ወይ አንተ «በሉ እንግዲህ፣ ፈረቃዬ ደረሰ» ትላለህ። ደግሞም የምነግርህ ስለ እሷው ስለ ልጅህ ነው። አዎ፣ ልጅህ። በደህናው ቀን «ልጄ» እንደምላት ታውቃለህ። ከፈቃድ የሚመለሰው ጓደኛህ ይህን ደብዳቤ ሻንጣውን እንኳ ሳያወርድ እጅህ ላይ እንዲያደርስ አስምዬዋለሁ፤ ምክንያቱም በወሩ መጨረሻ ያንን የሁለት ዓመት ውል ልፈርም ነው ብለኸኛል። ሳትፈርም ልጅህ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ፊት እንደቀረበች ማወቅ አለብህ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ዲሬክተራችን በክረምቱ ለሥልጠና ሄዶ ነበር። የሄደውና የተመለሰው አንድ ሰው አይደለም። ሲሄድ ሰልፍ ላይ በማይክራፎን የሚጮኽ ሰው ነበር፤ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ምን ይሰማሃል?» የሚል ሰው ሆኖ መጣ። መጀመሪያ የጠየቀው ልጅ «ኧረ እኔ ምንም አላደረግኩም!» ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ። «ድባብ» የምትባል ቃልም ይዞ መጥቷል። የትምህርት ቤቱ ድባብ ካልተስተካከለ ትምህርት ወደ ጭንቅላት አይገባም፣ ልጆች ስሜታቸውን ማወቅ፣ ቁጣቸውን መያዝ፣ የሌላውን ሐዘን ማየት መማር አለባቸው፣ ይህ ሁሉ ደግሞ ከመምህሩ ይጀምራል ይላል። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ልክ ነው። ችግሩ እኛ ነን።

የመምህራን ማረፊያችንን ታውቀዋለህ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ማንቆርቆሪያ አለ። አንዱ የሳይንሶቹ ነው፣ አንዱ የቋንቋዎቹ። በየትኛው የክፍለ ጊዜ ድልድል እንደተጣሉ የሚያስታውስ የለም፤ ጠቡ ግን በደንብ ተይዟል። የስፖርት መምህሩ፣ ተማሪዎች «ፊሽካ» የሚሉት፣ ከአንዱ ወገን እንዳይቆጠር ሻዩን ከቤቱ በፔርሙስ ያመጣል። ዲሬክተሩ እነዚህን ሰዎች ጠዋት ጠዋት ክብ ሠርተው እንዲቀመጡና ተራ በተራ ስሜታቸውን እንዲናገሩ አዘዘ።

ብታየን በሳቅ ትሞታለህ። የሒሳብ መምህሩ ተራው ደርሶ «መደበኛ» አለ። ይህ ሰው ለጥቃቅን ስሕተት ሁሉ ሩብ ማርክ ስለሚቀንስ ስሙ «ሩብ» ሆኖ ቀርቷል፤ ሚስቱም ሳትቀር ሩብ የምትለው ይመስለኛል። «መደበኛ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲባል «ከትናንቱ ያልተለየ» አለ። ፊሽካ ደረቱን ነፍቶ «ዝግጁ!» አለ። ሁላችንም እማማ የምንላቸው የቋንቋ መምህርት ግን ነገሩን ከልብ ወሰዱት። ከጉልበታቸው ሕመም ተነሥተው ተከራያቸው ጋ ሲደርሱ ደወል ተደወለ፤ በነጋታው ካቆሙበት ቀጠሉ። በሳምንቱ ሳይንሶቹ ሳይቀሩ «ተከራዩ ምን አለ?» እያሉ ቀድመው መምጣት ጀመሩ። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» እላለሁ። ዲሬክተሩም «ሥራ መብዛት ስሜት አይደለም» ይለኛል።

ለተማሪዎቹ ደግሞ ዓርብ ዓርብ አንድ ክፍለ ጊዜ ተሰጠ። በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ «ስሜት» ተብሎ ተጻፈ። ኮሪደር ላይ «ዛሬ ስሜት አለን እንዴ?» «የለንም፣ መምህሩ ቀርቷል» ሲባባሉ ትሰማለህ። ግን ቀስ በቀስ ጥሩ ነገር መታየት ጀመረ። መጸዳጃ ቤት በር ላይ መገፋፋት ቀነሰ። አንድ ስድስተኛ ክፍል የሚማር ጉልቤ፣ ያ ከዚህ በፊት የነገርኩህ መስኮት ሰባሪ፣ የወደቀ ልጅ አንሥቶ አቧራውን ሲያራግፍለት በዓይኔ አየሁት። ሲያየኝ አፍሮ ልጁን መልሶ ሊጥለው ነበር።

ይህን ነገር በሰላም መተው ስንችል ስብሰባ ጠራን። እንግዲህ መምህራን ነን፤ ማርክ የሌለው ነገር እጃችን ሲገባ ያሳክከናል። ሩብ ተነሥቶ «ያልተመዘነ ነገር ተማርን ይባላል ወይ? ካርድ ላይስ በየትኛው ዓምድ ይገባል?» አለ። ፊሽካ ደገፈው። እማማም «ርኅራኄ ያለው ልጅ ከሌለው ልጅ ካልተለየ ርኅሩኁ ይጎዳል» አሉ። እጅ ይነሣ ተባለ፤ ሁላችንም አነሣን፣ እኔም አነሣሁ። ሁለቱ ማንቆርቆሪያዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ስናይ የመጀመሪያችን ስለነበር ዲሬክተሩ በደስታ ዕንባ አቀረረ። ድባቡ ተስተካከለ ብሎ ነው።

በወሩ የርኅራኄና የትዕግሥት ፈተና ተሰጠ፤ ደረጃ ወጥቶ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የወላጆችን ነገር ምን ልንገርህ! አንዲት እናት እያለከለኩ ገብተው «ልጄ በትዕግሥት ስንተኛ ወጣ? ቶሎ ንገሩኝ፣ ቸኩያለሁ!» አሉኝ። ባለ ሱቁ ጎረቤታችን ልጁ በርኅራኄ ከመጨረሻ ሁለተኛ መውጣቱን ሲሰማ ቀበቶውን እየፈታ «ቆይ፣ ቤት ወስጄ ርኅራኄውን እኔ አሳየዋለሁ» አለ። በሩን ዘግቼ ቀበቶውን እስኪያስር አላስወጣሁትም። በግቢው አጥር ላይ «ርኅራኄና ይቅር ባይነት ለፈተና እናስጠናለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አግኝቼ በእጄ ቀድጄዋለሁ። ልጅህ ደግሞ አሥራ ዘጠነኛ ወጣች። አልጋዋን ለአራስ ድመት ለቅቃ ወለል ላይ የምትተኛ ልጅ በርኅራኄ አሥራ ዘጠነኛ! ሩብን ብጠይቀው «ትርጉሙን አላሟላችም» አለኝ።

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲደርስ ጥያቄውን ያወጣው ሩብ ነው። «ከሚከተሉት ውስጥ ሐዘን ያልሆነው የቱ ነው?» የሚል ምርጫ አለው፣ መጨረሻው ላይ «መልስ አልተሰጠም» ይላል። ቁጥር ሰባት «ጓደኛሽ ስታለቅስ ብታዪ ምን ታደርጊያለሽ?» ነው። የመጨረሻው ጥያቄ «ደስ የሚሉሽን አምስት ነገሮች ጻፊ» ይላል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ማርክ። በልጅህ ክፍል ፈታኙ ፊሽካ ነበር። የፊሽካ ልጅ የልጅህ ጓደኛ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

ወረቀት ሲሰበስብ፣ አባት አይደል፣ የልጁን ወረቀት ሰረቅ አድርጎ አየ። ደስ የሚሏት ነገሮች፦ ገመድ መዝለል፣ የአክስቷ ሕፃን፣ አይስክሬም፣ ዝናብ። አምስተኛው ላይ በልጅህ አጻጻፍ፣ በልጅህ ቃል፣ «አባቴ ከወደብ ሲደውል» ይላል።

ሰውዬው ወረቀቱን እያውለበለበ ቢሮዬ ገባ። «ከወደብ? እኔ ከየት ወደብ ነው የምደውለው? እዚሁ ቆሜያለሁ እኮ!» ያለበትን ድምፅ መቼም አልረሳውም። መኮራረጁን ያየው ቆይቶ ነው። በመጀመሪያ ያመመው እዚያ ዝርዝር ውስጥ እሱ አለመኖሩ ነበር።

መኮራረጅ ዜሮና ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ነው። ልጄ ስለሆነች ሌላ ሰው ይሰብስብ ብዬ ለመንኩ። ደንቡ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ትሰበስባለች ይላል፣ ምክትል ደግሞ አንድ እኔ ነኝ። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ተቀመጥን፤ እኔ ሰብሳቢ፣ ሩብ ጸሐፊ፣ ፊሽካ ከሳሽም የተከሳሽ አባትም፣ ዲሬክተሩ ታዛቢ። ሁለቱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። የፊሽካ ልጅ ገና ከበሩ ታለቅሳለች። ልጅህ ግን ፀጉሯን አስተካክላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ «ክብርት ሰብሳቢ» አለችኝ። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፤ ከቴሌቪዥን መሰለኝ። ሳቄን ለመዋጥ ጠረጴዛ ሥር እግሬን ቆነጠጥኩ።

ሩብ «ኮረጅሽ ወይስ አስኮረጅሽ?» አላት።

«አካፈልኳት።»

«እንዲህ የሚል ቃል ደንቡ ውስጥ የለም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ጥያቄው ደስ የሚሉሽን ጻፊ ነው የሚለው፣ እሷ ደግሞ እያለቀሰች ነበር። አራቱን ጻፈች፣ አምስተኛው ጠፋት። ‹አራት ካመጣሁ አባዬ ይቆጣኛል› አለችኝ።»

ፊሽካ ፊቱ ልውጥ አለ። ሩብ ቀጠለ፤ «ጓደኛሽ ካለቀሰች ለምን ፈታኙን አልጠራሽም?»

«ፈታኙ አባቷ ነበሩ።»

ሩብ ይህንንም መዝገቡ ላይ ጻፈው። ልጅህ እሱን ትታ ወደ እኔ ዞረች፤ «ቁጥር ሰባት ላይ ጓደኛዬ ስታለቅስ እረዳታለሁ ብዬ ጽፌያለሁ። ዝም ካልኳት መልሴ ስሕተት ሊሆን ነው እኮ።»

ሩብ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በቁጥር ሲረቱት ደስ የሚለው ሰው መሆኑን ታውቃለህ፤ ለራሱ እንደሚያወራ ሁሉ «መልሱና አሠራሩ ይስማማሉ» ብሎ አጉረመረመ። «እሺ፣ ግን ለምን ያንን ሰጠሻት? ከረሜላ ብላ ብትጽፍ ማን ያውቅ ነበር?»

«ከረሜላማ ሁሉም አለው። የክፍላችን ልጆች አባት ሁሉ እዚሁ ነው። ከሩቅ የሚደወልለት እኔ ብቻ ነኝ። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ስለሆነ እሱን ሰጠኋት።»

የክሬንህ ሰንሰለት የሰውን ልብ እንዲህ አያነሣም። ዲሬክተሩ «ድባብ» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እኔ ጣሪያውን አየሁ፤ ሰብሳቢ ማልቀስ የለበትም የሚል አንቀጽ ባይኖርም ደስ አይልም።

ቀድሞ የተናገረው ፊሽካ ነው። ልጁን «እኔስ? እኔ በየቀኑ እዚህ አይደለሁም?» አላት። ልጅቷም ንፍጧን በእጅጌዋ እየጠረገች «አንተ በፊሽካ ነዋ የምትጠራኝ» አለችው። ለካስ ቤትም አይተወውም! አንድ ጊዜ ሲነፋ ምሳ ነው፣ ሁለት ጊዜ መታጠቢያ፣ ረዥሙ መኝታ። «ጊዜ ይቆጥባል እኮ» ብሎ ሊያስረዳን ጀመረና መሐል ላይ ተወው። ያ ግንድ የሚያህል ሰውዬ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሩብ ተነሥቶ ወጣ። ተናዶ የሄደ መስሎን ነበር፤ ከሳይንሶቹ ማንቆርቆሪያ በብርጭቆ ሻይ ቀድቶ መጣና ፊቱ አስቀመጠለት። ፊሽካ የሳይንስ ሻይ ሲጠጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ሩብ ተቀምጦ «የመጨረሻው ጥያቄ የተበላሸ ነው፣ ይሰረዝ» አለ። ሰውዬው ጥያቄ ሰርዞ አያውቅም። ጥቂት አሰበና «እንዲያውም ፈተናው በሙሉ ይሰረዝ» አለ። ዲሬክተሩ ያኔ አንገቱን እያሻሸ፣ ሥልጠናው ላይ ይህ ነገር ማርክ እንደማይሰጠው ተነግሮ ሊሆን እንደሚችል፣ እሱ ግን ያኔ ለሻይ ቀደም ብሎ ወጥቶ እንደነበር ነገረን። በዓይኔ ብቻ የመለስኩለትን ጽፌ አልጨርሰውም።

ዜሮው ቀረ። መኮራረጁ ግን መኮራረጅ ነው፤ ደንቡ ቢያንስ ወላጅ ይቅረብ ይላል። የፊሽካ ልጅ ወላጅ እዚያው ሻይ እየጠጣ ስለሆነ ቀርቧል ተባለ። «የእኔዋም ወላጅ ይኸው አለሁ» አልኩ።

ሩብ ቀና ብሎ ሳያየኝ «አንቺ ሰብሳቢ ነሽ» አለ። «ሰብሳቢም ወላጅም ሆኖ መፈረም አይቻልም። ሌላኛው ወላጅ በአካል ይቅረብ።»

«ሌላኛው ወላጅ እኮ ወደብ ነው ያለው!»

«ደንቡ ርቀት አይጠቅስም።»

ደሜ ፈላ። ይህ ድንጋይ፣ እንዴት እንዲህ ይላል ብዬ ልነሣበት ስል ጆሮው ቲማቲም መስሎ መቅላቱን አየሁ። በመስኮት ወደ ባዶው ሜዳ እያየ ቀይ እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሩብ ለሰው ሲያዝን እንዲህ ነው መሰለኝ። አልተነሣሁም፤ ውሳኔው ተጻፈ፣ እኔም ፈረምኩ። ልጅህን «አባትሽን ይዘሽ ትመጫለሽ» ስላት ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? አጨበጨበች። ወላጅ አምጪ ተብሎ ያጨበጨበ ልጅ በዚህ ትምህርት ቤት ታይቶ አይታወቅም።

አሁን የደረጃው ሰሌዳ ወርዷል። ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ያለ ማርክ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ሲጣሉ የሚታረቁበትን ቃል ይለማመዳሉ። ባለ ሱቁም መጥቶ «ታዲያ አሁን ልጄ ጎበዝ መሆኑን በምን ልወቅ?» ብሎ ጠይቆኝ «ጠይቀው» አልኩት። ፊሽካ ፊሽካውን ግቢ ውስጥ ብቻ እንዲነፋ ልጁ ፈቅዳለታለች። የባሰው ደግሞ፣ በየዕረፍቱ ከሜዳው ማዶ ቆሞ ወደ ቢሮዬ ስልክ ይደውልና «እባክሽ ልጄን አገናኚኝ» ይለኛል። ልጅቷን አስጠርቼ አገናኛለሁ። በመስኮቱ እየተያዩ ስለ ምሳ ያወራሉ። ሥራ አስፈታኝ ብዬ ልቆጣው አስቤ አልቻልኩም።

እኔም ትናንት ክቡ ላይ ተራዬ ሲደርስ «ባሌ ናፍቆኛል» አልኩ። አፌ ቀድሞኝ ነው። ማንም አልሳቀም። ዲሬክተሩ «ይኼ ስሜት ነው» አለ፤ እማማ ደግሞ ተከራያቸውን ትተው እጄን ይዘው ተቀመጡ።

ዛሬ በምሳ ሰዓት ልጅህ ቢሮዬ መጥታ የሥነ ሥርዓት ደንቡን አሳዪኝ አለችኝ። ጥፋቷን ልታጠና ነው ብዬ ደስ እያለኝ ሰጠኋት። ምሳዋን እንኳ ሳትነካ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥታ እያገላበጠች «እማዬ፣ ወላጅ እንዲመጣ የሚያደርገው ጥፋት ተጽፏል። ወላጅ መጥቶ እዚሁ እንዲቀር የሚያደርገው ጥፋት ግን የለም። ገጽ ጎድሎ ነው?» አለችኝ።

አልጎደለም አልኳት። እስቲ አንተ ሌላ ምን ትላት ነበር? እሷም እሺ ብላ ደንቡን አጥፋ አስቀመጠችልኝና ወደ ክፍሏ ሄደች። እኔ ከዚያ ወዲህ አንድም ሥራ አልሠራሁም።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ መጥሪያ ነው፤ ማኅተሙን ከታች ታየዋለህ። ልጅህ መጥተህ ተመልሰህ እንዳትሄድባት ምን ማጥፋት እንዳለባት ሌት ተቀን እያሰበች ነው፣ ብልህ ስለሆነች አንዱን ሳታገኘው አትቀርም። ያን ውል አትፈርም። ሥራ እዚህም አለ፤ ባይኖርም አብረን እንፈልጋለን።

ከዚያ ከፍታ በሰላም ያውርድህ። ወገብህን ይጠግንልህ፣ መንገድህን ያሳጥርልህ፣ በራችን ላይ በጤና ያቁምህ።

ሰብሳቢዋ፣
ሚስትህ